ባቡሩ ደረሰ፣ አውቶቡሱ ሄደ

ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሁለት መቶ ሰው በአንዴ መድረኩ ላይ ፈሰሰ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ ያቀፈ አለ። ልጁን በእጁ የሚጎትት አለ። ጃንጥላውን እየዘረጋ የሚሮጥም አለ። ደረጃውን ጨርሰው ብቅ ሲሉ አውቶቡሱ ይታያል። ሞተሩ በርቷል፤ በሩ ክፍት ነው። የቀደሙት ሰባት ስምንት ሰዎች ይገባሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ አውቶቡሱም ቀስ ብሎ ይወጣል። ከኋላ ያሉት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንዱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ይመታል። ሹፌሩ ዞር ብሎም አያይ። ቀጣዩ የሚነሳው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

እኔም ስንት ጊዜ ያን ጎን መትቻለሁ። ሹፌሩንም በልቤ ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ኋላ ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሰውዬው ምንም አላጠፋም። የወጣው በሰዓቱ ነው። ባቡሩም የገባው በሰዓቱ ነው። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል። እኛ ዝናብ ላይ ቀረን።

ስለ ከተማ ዳርቻ ባቡር ክርክር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ባቡሩ ነው። ምን ያህል ይፈጥናል? ስንት ፉርጎ ይጎትታል? ሐዲዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጣቢያ ሲመረቅም ሪባን የሚቆረጠው ባቡሩ ፊት ነው። አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ግቢ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው፤ በተረፈው መሬት፣ በተረፈው ገንዘብ። ተሳፋሪው ግን ጉዞውን የሚለካው ከቤቱ በር እስከ ሥራው በር ነው። በዚህ መለኪያ ካየነው የዳርቻ ባቡር ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው የሚወሰነው ከባቡሩ ወርዶ አውቶቡሱ ውስጥ እስኪገባ ባሉት ጥቂት ሜትሮችና ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

የዳርቻ ባቡር በከተማ ውስጥ እንደሚመላለሰው ሜትሮ አይደለም። ሜትሮ በየሦስት በየአራት ደቂቃው ይመጣል፤ ቢያመልጥም አያስቆጭም። የዳርቻ ባቡር በየ15፣ በየ20፣ አንዳንዴም በየ30 ደቂቃው ነው። ጣቢያዎቹም ይራራቃሉ። በእግሩ መድረስ የሚችለው እዚያው አካባቢ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። የቀረው ወይ በመኪና፣ ወይ በብስክሌት፣ ወይ በአውቶቡስ መምጣት አለበት። አውቶቡሱ ከሌለ ባቡሩ የሚያገለግለው የጣቢያውን ጎረቤቶች ብቻ ይሆናል።

የመጠበቅ ነገርም አለ። ወንበር ይዞ በመስኮት እያዩ የሚያልፍ 10 ደቂቃና ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያልፍ 10 ደቂቃ አንድ አይደሉም። የትራንስፖርት ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ስሌት ሲሠሩ አንድ የመጠበቅ ደቂቃን ወደ ሁለት የጉዞ ደቂቃ አድርገው ይይዙታል። እንዲህ ከሆነ ባቡሩን በ5 ደቂቃ ለማፍጠን ሐዲድ ከመለወጥ ይልቅ ጣቢያው ደጅ ላይ የሚቃጠለውን 20 ደቂቃ መቀነስ ይቀላል። ይቀላል አልኩ እንጂ ቀላል ነው አላልኩም።

20 እና 30 አይግባቡም

ትንሽ ቁጥር እንሥራ። ባቡሩ በየ20 ደቂቃው ይመጣል እንበል፤ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ፣ ደቂቃው 20 ሲል እና 40 ሲል። አውቶቡሱ በየ30 ደቂቃው ይነሳል፤ 5 ሲል እና 35 ሲል። ከባቡሩ በር አውቶቡሱ ጋ ለመድረስ 6 ደቂቃ ይፈጃል።

በመጀመሪያው ባቡር የመጣ ሰው 6 ሲል ይደርሳል። አውቶቡሱ 5 ሲል ወጥቷል። በአንዲት ደቂቃ ምክንያት 29 ደቂቃ ይጠብቃል። በሁለተኛው የመጣ 26 ሲል ደርሶ 9 ደቂቃ ይጠብቃል። በሦስተኛው የመጣ 46 ሲል ደርሶ 19 ደቂቃ ይቆማል። ጣቢያው ያው፣ አውቶቡሱ ያው፤ ዕድል ግን ሦስት ዓይነት።

ታዲያ አውቶቡሱን ትንሽ ቢያዘገዩትስ? 10 ሲል እና 40 ሲል ይነሳ እንበል። የመጀመሪያው ሰው አሁን 4 ደቂቃ ብቻ ይጠብቃል። እሰየው! የሁለተኛው ግን 14 ሆነ፣ የሦስተኛው 24። እንደፈለጋችሁ ወደፊትና ወደኋላ ብትገፉት በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ነው። አንዱን ስታስደስቱ ሌላው ያኮርፋል። 20 እና 30 አይግባቡም፤ አለቀ።

አውቶቡሱ በየ20 ደቂቃው ቢሆን ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። 9 ሲል፣ 29 ሲል፣ 49 ሲል ይነሳል፤ ሁሉም ሰው 3 ደቂቃ ጠብቆ ይሄዳል። ባቡሩ በየ15 አውቶቡሱ በየ30 ቢሆንም ያስኬዳል። ቢያንስ አንዱ ባቡር እያለፈ ሁልጊዜ አውቶቡስ ያገኛል፤ ሰውም የትኛውን ባቡር መያዝ እንዳለበት ይለምደዋል። ዋናው ነገር ቁጥሮቹ እርስ በርስ እኩል መካፈላቸው ነው።

እንግዲህ አውቶቡሱን በየ20 ደቂቃው ማድረግ ምን ይከብዳል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ ገንዘብ ገንዘብ የሚሸተው።

አንድ አውቶቡስ ከጣቢያው ተነስቶ ሰፈሩን ዞሮ እስኪመለስ 55 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ሹፌሩ 5 ደቂቃ ይተነፍስና በ60ኛው ደቂቃ ሌላ የባቡር ተሳፋሪ ይዞ ይነሳል። በየ20 ደቂቃው አንድ እንዲነሳ ሦስት አውቶቡስ ይበቃል። አሁን መንገዱ ተጨናነቀና ዙሩ 63 ደቂቃ ሆነ። የተጨመረው 8 ደቂቃ ነው። ግን አውቶቡሱ በ60ኛው ደቂቃ አይደርስም፤ የሚይዘው የ80ኛውን ነው። ስለዚህ አራተኛ አውቶቡስ ሊገባ ነው። ከነሹፌሩ፣ ከነፈረቃው፣ ከነጥገናው። ያም ሆኖ እያንዳንዱ አውቶቡስ በየዙሩ 17 ደቂቃ ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

ድርጅቱ ምን ያደርጋል? አራተኛውን አውቶቡስ ይገዛል፤ ውድ ነው። ወይም ከመስመሩ ጫፍ ሁለት ሦስት ፌርማታ ይቆርጣል፤ የዚያ ሰፈር ሰው ይጮኻል። ወይም ባቡሩን ረስቶ በራሱ ሰዓት ይዞራል። ብዙው የሚመርጠው ይህን ነው፤ የሚጮህ የለምና። ዝናብ ላይ የቀረ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚቀረው፤ ተሰብስቦ አቤት አይልም።

ሌላም መውጫ አለ፤ መንገዱን ማስተካከል። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር፣ ወይም መብራት ላይ ቅድሚያ። ያን 8 ደቂቃ መልሶ ካስገኘ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ከነፈረቃው ተረፈ ማለት ነው። ሰው የአውቶቡስ መስመር ሲሠመር ሲያይ የሚታየው የጠበበበት መንገድ ነው። ከጀርባው ያለውን የባቡር ሰዓት የሚያስበው የለም።

መጀመሪያ ሰሌዳ፣ ከዚያ ሐዲድ

ይህን ሂሳብ እስከ ጥግ የወሰደችው ስዊዘርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 ባቡሮቿ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲመጡ አደረገች። ከሰዓቱ 8 ደቂቃ ሲያልፍ የሚመጣ ባቡር ቀኑን ሙሉ 8 ሲል ይመጣል። ተሳፋሪው የሰዓት ሰሌዳ ማገላበጥ ቀረለት፤ በቃሉ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ «ባቡር 2000» የተባለው ትልቅ ዕቅድ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ጸደቀ።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ዋና ዋና ጣቢያዎች ላይ ባቡሮቹ ከየአቅጣጫው ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ይገባሉ። ሰው ይቀያየራል። ሰዓቱ ሞልቶ ትንሽ ሲያልፍ ሁሉም ይበተናሉ። በየትናንሹ ከተማ ደጅ ላይ ደግሞ ቢጫዎቹ የፖስታ አውቶቡሶች ባቡሩን ይጠብቃሉ። ከተራራ መንደር የመጣ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ባቡር፣ ከባቡር ወርዶ ሌላ ባቡር፣ ከዚያም ሌላ አውቶቡስ ይይዛል። በየመሐሉ የሚጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ይህ እንዲሠራ በሁለት ትልልቅ ጣቢያዎች መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት በትንሹ ማነስ አለበት። ከዙሪክ ወደ በርን ከተማ ግን 69 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ለዚህ አሠራር 69 ክፉ ቁጥር ነው። ባቡሩ ሲደርስ ሌሎቹ ሁሉ ሄደዋል። ስለዚህ በማትሽቴተንና በሮትሪስት መካከል 45 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድ ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ሲከፈት ጉዞው 56 ደቂቃ ሆነ። ያ በቂ ነበር። ለዚህ አሠራር 50 ደቂቃ ማድረሱ ትርፍ የለውም፤ የተረፈውን 6 ደቂቃ ያው ጣቢያው ውስጥ ቆሞ ማሳለፍ ነው።

ይሄ ነገር መጀመሪያ ስሰማው ገርሞኛል። ሌላው ቦታ መጀመሪያ ሐዲድ ይሠራል፣ ቀጥሎ ባቡር ይገዛል፣ መጨረሻ ላይ ሰሌዳ ይወጣል። እነሱ መጀመሪያ ሰሌዳውን ጻፉ። ከዚያ «ይህን ሰሌዳ ለማሟላት የትኛው ሐዲድ ይጎድለናል?» ብለው ጠየቁ።

ሰሌዳ የሌለው አውቶቡስ ሁሉ ግን መጥፎ እንዳይመስላችሁ። በብዙ የዓለም ከተሞች ከባቡር የወረደውን ሰው የሚያነሱት ሲሞሉ የሚነሱ ሚኒባሶች ናቸው። ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከእነሱ የተሻለ ከባቡር ጋር የተናበበ የለም። ባቡሩ ሰውን ያራግፋል፣ ሚኒባሱ በሁለት ደቂቃ ይሞላል፣ ይነሳል። ሚኒስቴር አያስፈልገውም፣ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ችግሩ ማታ ነው። ከመጨረሻዎቹ ባቡሮች በአንዱ አራት ሰው ብቻ ሲወርድ እስኪሞላ ማን ይጠብቃል? አራቱ ናቸው የሚጠብቁት።

ሆድና ጀርባ

ሰሌዳው የማይገጥመው ሂሳብ የሚችል ሰው ጠፍቶ አይደለም። ባቡሩና አውቶቡሱ ሆድና ጀርባ ስለሆኑ ነው።

ባቡሩ የአንድ ድርጅት ነው፣ አውቶቡሱ የሌላ። ባቡሩ ሐዲዱን ከረጅም ርቀት ባቡሮችና ከጭነት ባቡሮች ጋር ይጋራል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ቀደም ብሎ ይቆለፋል። አውሮፓ ውስጥ ዋናው የባቡር ሰሌዳ የሚለወጠው በዓመት አንዴ፣ ዲሴምበር ላይ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ የከተማው ወይም የግል ባለንብረት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሹፌር ሲጠፋ፣ በጀት ሲቀነስ ሰሌዳውን ይቀይራል። የባቡሩ ሰዎች አንዱን ጉዞ በ3 ደቂቃ ቢያዛውሩ ለእነሱ ኢምንት ነገር ነው። ለአውቶቡሱ ግን ከላይ ያየነው የ29 ደቂቃ ጣጣ ነው። ስልክ የሚደውል ከሌለ ደግሞ የሚያውቀው ተሳፋሪው ብቻ ነው።

የሚለኩትም ለየብቻ ነው። ባቡሩ «በሰዓቴ ደረስኩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። አውቶቡሱም «በሰዓቴ ወጣሁ» ይላል። ሁለቱም ሪፖርቶች ያምራሉ። እኛ ግን አንዱም ላይ የለንም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የማንም ንብረት ስላልሆነ የማንም ጥፋት አይደለም።

ይህን ለመፍታት ቀድማ የተነሳችው ሐምቡርግ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 የባቡር፣ የሜትሮና የአውቶቡስ ድርጅቶቹ በአንድ ማኅበር ሥር ሆኑ። ድርጅቶቹ አልተዋሃዱም፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው። ሰሌዳና ታሪፍ የሚያወጣው ግን አንድ ነው። ገቢው በጋራ ይሰበሰብና ይከፋፈላሉ። ሌሎች የጀርመን ከተሞችም ይህን መንገድ ተከተሉ። ዙሪክም የዳርቻ ባቡሯን እ.ኤ.አ. በሜይ 1990 ስትጀምር እንዲህ ያለውን ማኅበር በዚያው ቀን አብራ ጀመረች። ባቡሩ ከሮጠ በኋላ «እስቲ ደግሞ አውቶቡሶቹን እናስብ» አልተባለም።

የደቡብ አፍሪካው ጋውትሬን ሌላ መንገድ መረጠ። ጆሃንስበርግንና ፕሪቶሪያን የሚያገናኘው ይህ ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር የራሱን አውቶቡሶች ይዞ መጣ። ባቡሩን የተጠቀመ ሰው ለአውቶቡሱ በቅናሽ ይከፍላል። ይህ ክፍተቱን ይዘጋል፤ አለቃው አንድ ነዋ። ግን አውቶቡሶቹ ከከተማው ሌላ ትራንስፖርት ተለይተው የባቡሩ ደንበኞች ብቻ ይሆናሉ። በጣቢያው በኩል የማያልፍ ሰው ብዙም አይጠቀምባቸውም። ከመንገድ መጨናነቅም አያመልጡም። ቢሆንም አውቶቡስ ሳይኖር ባቡር ከመክፈት ይሻላል።

ሁለት ጊዜ መክፈል

የታሪፉ ነገር ለብቻው ሊወራ ይገባዋል፤ ሰውን ከሰሌዳው እኩል የሚያናድደው እሱ ነውና።

ከባቡር ወደ አውቶቡስ መቀየር የተሳፋሪ አምሮት አይደለም። መስመሩ በቀጥታ ቤቱ ስለማይወስደው ነው የሚቀይረው። በቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ተሳፋሪ ማስከፈል ግን ራቅ ብሎ ስለሚኖር መቅጣት ነው። ርቆ የሚኖረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት የረከሰበትን ፈልጎ የሄደው ሰው ነው።

ባለሥልጣናት ይህን ሲጠየቁ የሚያወጡት ካርድ ነው፤ «አሁን በአንድ ካርድ ሁሉንም መጠቀም ይቻላል» ይላሉ። ካርዱ ጥሩ ነው። ሳንቲም መቁጠር ይቀራል፣ በር ላይ ሰልፍ ይቀንሳል። ግን አንድ ካርድ ማለት አንድ ታሪፍ ማለት አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ካርድ ባቡሩንም ሜትሮውንም አውቶቡሱንም ይከፍላል። ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ግን ብዙ ጊዜ መነሻ ሂሳቡ እንደገና ይጀምራል። ካርዱ ሁለት ጊዜ መክፈልን አላስቀረም፤ እንዳይታወቅ አደረገው እንጂ።

ለንደን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛውን አውቶቡስ በነፃ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጉትን ያህል አውቶቡስና ትራም መቀየር ተፈቀደ። ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ነፃው ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ነው። ባቡሩ ለብቻው ይከፈላል።

ቶሮንቶ ላይ ያለው የበለጠ ያስተምራል። አረንጓዴዎቹ የጎ ባቡሮች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከዳርቻው ወደ መሐል ከተማ ይሮጣሉ። ከባቡሩ ወርዶ የከተማውን አውቶቡስ ወይም ሜትሮ የሚይዝ ሰው ለረጅም ጊዜ ሁለት ጊዜ ሲከፍል ኖሯል። አንዱ ድርጅት የክፍለ ሀገሩ ነው፣ ሌላው የከተማው። የቅናሹን ኪሳራ ማን ይሸከም በሚለው ላይ መስማማት ዓመታት ወሰደ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ክፍለ ሀገሩ ክፍተቱን ለመሸፈን ገንዘብ መደበና ሁለተኛው ክፍያ ቀረ። ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ሕንፃ አልተሠራም። የተቀየረው ሂሳቡ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው።

ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው

ስለ ሕንፃው ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ሕንፃ ራሱን ያስወራል። ግን ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ደረጃ ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ ወደ 30 ሰው ገደማ ያሳልፋል። መድረኩ ላይ ሁለት ሜትር ደረጃ አንድ ብቻ ካለና 200 ሰው ከወረደ፣ የመጨረሻው ሰው ደረጃውን እስኪጨርስ ሦስት ደቂቃ ያልፋል። ሰሌዳ የሚያወጣው ሰው «ከባቡር እስከ አውቶቡስ 3 ደቂቃ ይበቃል» ብሎ የጻፈው በባዶ ጣቢያ ተራምዶ ለክቶ ከሆነ ተሳስቷል። ልጅ የያዘ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስሌቱ ውስጥ ጭራሽ የለም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው አንድ ሊፍት ሲበላሽበት የሚያመልጠው አውቶቡሱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ነው የሚዘጋበት።

ሁለተኛው የአውቶቡሶቹ ግቢ ነው። አውቶቡስ የሚጫንበትና ሹፌር የሚያርፍበት ቦታ አንድ ከሆነ ግቢው በአንዴ ይሞላል። አንድ መቆሚያ ላይ አውቶቡስ 5 ደቂቃ ብቻ ቆሞ ከወጣ በሰዓት ወደ 10 አውቶቡስ ያስተናግዳል። ሹፌሩ ሻዩን እዚያው እየጠጣ 20 ደቂቃ ከቆመ ሦስት ብቻ። ጥሩ መነኻሪያ ማረፊያውን ጓሮ ያደርገዋል። መቆሚያዎቹን ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ሰያፍ አድርጎ ይሠራቸዋል፤ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሳይል ገብቶ ወደ ፊት ይወጣል። ተሳፋሪውን መሐል ላይ ሰብስቦ አውቶቡሶቹን ዙሪያውን የሚያስኬድም አለ። እዚያ ማንም ሰው አስፋልት አያቋርጥም።

ቶኪዮ የሚገኘው ሺንጁኩ በዓለም ብዙ ሰው የሚተላለፍበት ጣቢያ ነው፤ በቀን ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ። ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶቹ ግን ጣቢያው ዙሪያ በ19 ቦታ ተበትነው ነበር የሚጭኑት። እንግዳ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ የእሱን ሲፈልግ አስቡት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ከሐዲዶቹ በላይ በተሠራ አንድ ሕንፃ ተሰበሰቡ። ባቡሩ ከታች፣ አውቶቡሱ ከላይ ሆነ።

ተቃራኒውን ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ እናገኛለን። ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው መነኻሪያ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ተከፈተ። ጣሪያው ላይ ሰፊ መናፈሻ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ለባቡር የተዘጋጀ ትልቅ አዳራሽ። በወር ተኩል ገደማ የብረት አግዳሚ ተሰንጥቆ ተገኘና ተዘጋ፤ አውቶቡሶቹ የተመለሱት በቀጣዩ ዓመት ነው። ስንጥቁ ተጠገነ፤ ባቡሩ ግን አልመጣም። ካልትሬን የሚባለው የዳርቻ ባቡር እስካሁን የሚያበቃው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ባቡሩን እስከ መነኻሪያው የሚያደርሰው ዋሻ ገና አልተቆፈረም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የመኪና ማቆሚያውስ? ብዙ የዳርቻ ጣቢያ የሚኮራው በእሱ ነው። አንድ መኪና ከነመዞሪያው ወደ 25 ካሬ ሜትር መሬት ይፈልጋል። ሺህ መኪና ማለት ሁለት ሄክታር ተኩል፤ ያውም ከጣቢያው አፍንጫ ሥር ያለው ምርጥ መሬት። አብዛኛው መኪና አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያመጣው። ማቆሚያው ማለዳ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ምንም አይሠራም። የኔዘርላንድሷ ዩትሬክት ከጣቢያዋ ሥር የሠራችው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። ለመኪና ቢሆን ስንት መሬት ይፈጅ እንደነበር አስሉት።

አራት ደቂቃ ይጠበቅ?

ሁሉም ተስተካክሎ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ባቡሩ ቢያረፍድስ?

ባቡሩ 4 ደቂቃ ዘግይቷል። 18 ሰዎች ወደዚህ አውቶቡስ ይመጣሉ። አውቶቡሱ ላይ 12 ሰው ተቀምጧል። ወደፊት ባሉት ፌርማታዎች ደግሞ ሌላ 25 ሰው ቆሟል። ቀጣዩ አውቶቡስ የሚነሳው ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ሹፌሩ ከጠበቀ 37 ሰው 4 ደቂቃ ይከስራል፤ በድምሩ 148 ደቂቃ። ካልጠበቀ 18 ሰው 20 ደቂቃ ይከስራል፤ 360 ደቂቃ። መጠበቁ ያዋጣል። ባቡሩ 12 ደቂቃ ቢዘገይ ግን 444 ይሆናል፤ መሄዱ ይሻላል።

ሹፌሩ ግን ይህን ሂሳብ የሚሠራበት መረጃ የለውም። ባቡሩ የት እንደደረሰ አያውቅም። ቢጠብቅ «ለምን ዘገየህ» ይባላል፤ ቢሄድ «ለምን ሄድክ» የሚለው የለም። ስለዚህ ይሄዳል። በአንዳንድ ጣቢያዎች መውጫው ላይ ትንሽ መብራት ተተክላለች። ባቡሩ ሲቃረብ ትበራለች፤ ሹፌሩም በድርጅቱ ፈቃድ እስከ 3 እና 4 ደቂቃ ይቆማል። አሁን አሁን መልእክቱ በስክሪን ነው የሚመጣው። መብራቷም ሆነች ስክሪኑ ያን ያህል ውድ አይደሉም። የሚከብደው ከጀርባ ያለው ስምምነት ነው፤ ሹፌሩ ጠብቆ ቢዘገይ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት የሚያደርገው።

የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ግን ሂሳብ የለም። ከእሱ በኋላ የሚመጣ የለምና ባቡሩ እስኪገባ ይቆማል። ደንቡ እንዲህ ያልተጻፈበት ቦታ ሁሉም በሹፌሩ ልብ ላይ ይወድቃል። አንድ ምሽት ባቡራችን ሩብ ሰዓት አርፍዶ ገባ። ተስፋ ቆርጠን ደረጃውን ስንወርድ አውቶቡሱ ቆሟል። የውስጡ መብራት በርቷል። ሹፌሩ ከበሩ ሥር ቆሞ ወደ ደረጃው አንጋጦ ያያል። አንድ በአንድ ስንገባ በከንፈሩ ይቆጥረናል። ከዚያ ወደ መሪው ሊሄድ ብሎ ተመለሰና ጠየቀን።

«ከኋላችሁ የቀረ ሰው አለ?»